ጓያ አይደለም ተባልን

ይህን የምጽፈው ጀርባውን እያመመው «ያልፋል» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። እናት ላለውም ሰው ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ አፌ ይተሳሰራል፣ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ወረቀት ግን አያየኝምና ለወረቀት ልንገረው ብዬ ነው።

ስሜ ደብሬ ይባላል። ሰፈራችን ከላሊበላ ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። ከላይ ትንሽ የገብስ ማሳ አለን፣ ከታች ደግሞ ዋልካ መሬት። ዋልካው ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ካቆመ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ጓያ ይዘራበታል። ጓያ ሌላው እህል እምቢ ሲል የሚበቅል እህል ነው። ክፉ ዘመን ሲመጣ ነፍስ ያቆያል። ነገር ግን ያለ ሌላ እህል ወር ከወር ሲበላ እግር ይሰብራል። በእኛ አገር ጓያ የሰበረው ሰው ያላየ የለም። ጉልበቱን አጣብቆ፣ በእግሩ ጣት እየቆመ፣ ዱላ ተመርኩዞ የሚሄድ ሰው ሲያልፍ «ጓያ ነው» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። መድኃኒት የለውማ።

ስለ ጓያ ብዙ ይወራል። እንፋሎቱ ይሰብራል ይላሉ። ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል ይላሉ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጓያ ስትቀቅል ከቤት ታስወጣኝ ነበር። በር ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ይዤ እጠብቃለሁ። አባቴ ሲያልፍ ያየኝና «አፍንጫሽን ምን አረገሽ? ጉልበትሽን ያዢ እንጂ፤ የሚሰበረው እሱ ነው» ይለኛል። አባቴ እንዲህ ነው። ቀልድ ሳይጨምርበት «ደህና ዋላችሁ» ማለት እንኳ አይሆንለትም።

ሕመሜ የጀመረው ከጀርባዬ ነው፤ ከትከሻዎቼ ዝቅ ብሎ፣ መሐል ለመሐል። ጀሪካን በመሸከሜ መስሎኝ ነበር። ጀሪካኑን ሳወርደውም አልተወኝም። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ በዚያ ብርድ ጋቢዬ ርሶ ያድራል። ምግብ አስጠላኝ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጊዜው የአጨዳ ነበር፤ በአጨዳ ጊዜ ጀርባውን የማያመው ማን አለ?

ቀጥሎ እግሬ ከበደኝ። ስሄድ የላስቲክ ጫማዬ ከእግሬ ይወልቃል፤ እኔ ግን አላውቅም፣ በባዶ እግሬ እቀጥላለሁ። አባቴ ከኋላዬ ጫማውን አንጠልጥሎ ይመጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ከጫማሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ? ብቻውን ወደ ገበያ ሲሄድ አግኝቼ መለስኩት» ይለኛል።

ሁላችንም እንሥቃለን። አንድ ጠዋት ከመደብ ልነሣ ስል እግሮቼ የሌላ ሰው እግር ሆኑብኝ። አየኋቸው፤ ተነሡ አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። በአፍጢሜ ተደፋሁ።

ከአባቴ ታላቅ እኅት ከእትዬ ማሬ ጋር አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው። የእናቴን ጩኸት ሰምተው ሮጠው መጡ። እግሬን ነካክተው አዩ። ቀጥለው ጥግ ላይ ያለውን ጎታ አዩ። ያን ዓመት ዝናቡ ቶሎ ስለ ቀረ ከገብሳችን ይልቅ ጓያችን ይበዛ ነበር።

«ጓያ አብልተሽ ሰበርሻት!» አሏት እናቴን።

«እትዬ፣ ሁላችንም እኮ የበላነው አንድ ነው» አለች እናቴ። «ሽሮው ላይ ትንሽ ጣል ነው የማደርገው። እሷን ብቻ እንዴት ብሎ ይመርጣል?»

«ልጅ ናታ! አጥንቷ ለጋ ነው። ላሊበላን! ስነግርሽ አልሰማ ብለሽ ነው።»

ሲመሽ እናቴ አሮጌ ነጠላ አምጥታ ጎታውን ሸፈነችው። አስከሬን የሸፈነች ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ መቀለድ ተወ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእግሬ ይልቅ ያስፈራኝ የእሱ ዝምታ ነው። እግሬ ከድቶኝ ሳለ እሱ ቢቀልድ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው እል ነበር።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልከው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። ጓያ ሰበራት መባሉን ሲሰሙ ተመልሰው አልመጡም። ልጁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሩቅ ነው ያየሁት። መልኩን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም። ግን አዘንኩ።

ሐኪም ቤት አልሄዳችሁም ወይ የሚል ይኖራል። ሄደናል። የመንደር ልጆች በቃሬዛ ተሸክመው ከተማ አደረሱኝ። ከተሸካሚዎቹ መሐል አብረውኝ የተማሩ ነበሩ፤ መንገዱን ሁሉ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የሄድኩት። አንዱ ክሊኒክ ሪህ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ነርቭ ነው ብሎ ቀይ መርፌ ወጋኝ። በመጀመሪያው በጋችንን፣ በሁለተኛው ጊደራችንን ሸጥን። የሚያዩት እግሬን ነው። ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉና «ምን ትበላለች?» ብለው አባቴን ይጠይቁታል። እሱም አይዋሽም፤ ጓያም እንበላለን ይላል። ያን ሲሰሙ እስክሪብቶውን ያስቀምጡታል። ጀርባሽን አሳዪን ያለኝ አልነበረም። ቢሉኝም ወንዶች ነበሩ፤ ቀሚሴን እገልጥ ነበር ብዬ አልምልም።

ቤት ተመለስን። እናቴ ስትገለብጠኝ፣ ስታጥበኝ፣ ደጅ ስታወጣኝ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ በጥርሷ ትይዘዋለች፤ ማንም እንዳያየኝ ማለት ነው። ቀሚሴን ግን ለእሷም አላወልቅም ነበር፤ እግሬንና እጄን ብቻ ነው የምታጥበኝ። አንድም ቀን «ደከመኝ» አላለችም። ሌሊት ግን የተኛሁ ሲመስላት ከአጠገቤ ስትጸልይ እሰማታለሁ። «የእሷን እግር መልስላት። ከፈለግህ የእኔን ውሰድ» ትላለች። ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የሚሞከረው ሁሉ ሲያልቅ ይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል ሊወስዱኝ ተነሡ። አባቴ ከጎረቤት በቅሎ ለመነ። እኔ ራሴን ችዬ መቀመጥ አልችልም ነበርና ኮርቻው ላይ በመቀነት አሰሩኝ። አባቴ ከፊት ይስባል፤ እናቴ ከጎን እየሄደች መዳፏን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ትደግፈኛለች። ዳገት ነው፣ ፀሐይ ነው፣ እሷ እጇን አላወረደችም። በቅሎዋ ቅጠል ባየች ቁጥር እየቆመች ታስቸግር ነበር።

«ይቺ በቅሎ ጾምም አታውቅ፣ ጠበል ስንሄድ እንኳ!» አለ አባቴ። ከብዙ ቀን በኋላ መቀለዱ ነበር፤ ለመሣቅ ተዘጋጀሁ። ያኔ እናቴ ድንገት «ቁሙ» አለች።

«ምነው?»

«ጀርባዋ ላይ እጄን የሚገፋ ነገር አለ።»

«የኮርቻው ገመድ ይሆናል።»

«ገመድ አይሞቅም» አለችና እጇን በቀሚሴ ውስጥ ሰደደች። ጣቶቿ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ደብሬ፣ ይሄ ምንድን ነው? አጥንትሽ ወጥቷል እኮ።»

እኔ በጀርባዬ ዓይን የለኝ፤ በምን ልወቀው? አባቴም መጥቶ በቀሚሴ ላይ ነካ። መሐል ጀርባዬ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ጉብታ ነበር።

ጠበሉ ዘንድ ስንደርስ እናቴ ለአጥማቂው አባ ነገረቻቸው። አባ ሸምግለዋል፤ ወፍራም መነጽር አድርገዋል።

«አባ፣ ጓያ ጀርባ ያጎብጣል?» አለቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ማጥመቅ ነው። ትጠመቅ፤ ከዚያ ይህን ለሐኪም አሳዩት።»

«ሐኪም ቤቱንማ ጨርሰን ነው የመጣነው። ደግሞስ ጠበል እየጠጡ ወደ ሐኪም መሮጥ እምነት ማጣት አይሆንም?»

አባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸው ዓይኔ። ሞራ ጋርዶት ዳዊት መድገም አቅቶኝ ነበር። ስጠመቅ ሰንብቼ ጌታን ለመንኩት። ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና ላከልኝ። ሌላ ምን ያድርግልኝ? መርፌውን ይዞ እሱ ራሱ ይምጣልኝ?»

አባቴ ሣቀ። ከወደቅኩ ወዲህ ሲሥቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ተጠመቅኩ፤ ውሃው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። እግሬ ግን ቅዝቃዜውን አላወቀውም። አለቀስኩ፤ ከውሃው ጋር ሆነና ማንም አላየኝ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። በሽተኛ የሚጠብቅበት ቦታ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለጤነኛ ቀላል ነው፤ ለእኔ ጀርባዬ እሳት ነበር። አንዲት ሕፃን ያዘለች የማናውቃት ሴት አየችኝና ከአግዳሚው ተነሥታ አጠገቧ ያሉትንም አስነሣቻቸው። «ልጅቷ ትጋደም! እናንተ በመቀመጫችሁ ነው እንዴ የታመማችሁት?» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሣቀና ተነሣ። ስሟን አልጠየቅኩም። ዛሬም በጸሎቴ «ያቺ ሕፃን ያዘለችው» እላታለሁ።

ተራችን ሲደርስ ሐኪሟ ሴት ነበረች። እናቴ የነጠላውን ጫፍ በጥርሷ ልትይዝ ስትል ሐኪሟ መጋረጃውን ሳበች። አባቴ ወጣ። ጀርባዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አሳየሁ። ሐኪሟ ጣቷን ከአንገቴ ጀምራ ቀስ እያለች አወረደችና ጉብታው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሌሊት ያልብሻል?»

«አዎ።»

«ከስተሻል?»

«አዎ።»

«ጀርባሽን ማመም የጀመረሽ ከእግርሽ በፊት ነው?»

ማን ነገራት ብዬ ዞሬ እናቴን አየኋት። እናቴም እኔን ታየኛለች። ይህን ሁሉ እሷም መስማቷ ነበር።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ጥቁሩን ፊልም ወደ ብርሃን አንሥታ ለሁላችንም አስረዳችን። የአከርካሪ ነቀርሳ ነው አለች፤ ቲቢ የሚሉት። ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለን ነበር፤ አጥንትንም ይይዛል። የጀርባ አጥንቴን ስለ በላው አጥንቱ ተጣሞ ከውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ ተጭኖታል።

«እግሯ ምንም አልሆነም» አለች። «ከላይ የሚላክለት መልእክት ነው የማይደርሰው።»

«ኔትወርክ ጠፍቶ ነዋ!» አለ አባቴ።

ሐኪሟ ሣቀች። «ልክ ነው፣ አባቴ። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከወሰደች ይመለሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።»

እናቴ ግን እዚያ አልደረሰችም። «ጓያ አይደለም?» አለች።

«ጓያ አይደለም።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«ጓያ አይደለም፣ እናቴ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ የክፍሉን ወለል ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ «ለአንዲት ሴት በስልክ ይንገሩልኝ፤ እግርዎን እስማለሁ» አለች። አባቴ እያፈረ ለእትዬ ማሬ ደወለ። ሐኪሟም ስልኩን ተቀብላ ነገረቻቸው። እትዬ ማሬ ሲጮኹ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

«ጓያ ካልሆነ ታዲያ ምን አብልታት ነው?»

«ምንም አላበላቻትም። በሽታ ነው።»

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

ያን ቀን እናቴ እንደ ልጃገረድ ሣቀች። እንዲህ ስትሥቅ አይቻት አላውቅም ነበር። የክሊኒክ ውሳኔ፣ የአክስቴ ቃል፣ የሰፈሩ ሐሜት፣ ሁሉም ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ይታየኝ ነበር።

ሆስፒታል ሰንብተን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ዓመት የሚዋጥ ነው። ሽንት ያቀላል፤ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ቢሆንም ደነገጥኩ። ሐኪሟ መድኃኒቱ ኃይለኛ ነውና ጥሩ ጥሩውን አብሏት፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል ብላለች። እናቴ ያን እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ያዘችው።

ቤት እንደ ገባን መጀመሪያ ያደረገችው ጎታውን የሸፈነችበትን ነጠላ መግፈፍ ነው። ጎታውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «ይቅር በለኝ፤ በሐሰት ስምህን አጠፋን» አለችው።

«ከእስር ተፈታ በሉኛ!» አለ አባቴ። «እልል በሉለት እንጂ።»

እናቴ እልል አለች። ሣቅን። እኔም ሣቅኩ። ዛሬ ከዚያ ዓመት አንድ ነገር ሰርዢ ብባል የምሰርዘው ያንን ሣቅ ነው።

እትዬ ማሬ ይቅርታ የሚሉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፈው መጡና መሬት ላይ ጣሏት። «እንቁላሏን ትብላ ብላ የለ ያቺ ባለጌ ሐኪም» ብለው ወጡ። እናቴ ከኋላቸው ሰገደችላቸው።

ክረምቱ ገባ። ክረምት የእኛ አገር ረኀብ የሚገባበት ጊዜ ነው፤ አሮጌው ያልቃል፣ አዲሱ አልደረሰም። ገብሳችን ትንሽ ነበር። ለእኔ የገብስ ገንፎና እንቁላል፤ ለአባቴ የገብስ ቂጣ፣ የሚያርሰው እሱ ነውና። እናቴ የራሷን ለብቻ ትጋግራለች። «እኔን ገብስ ሆዴን ይነፋኛል» ትል ነበር። የጓያ ቂጣ ነበር የምትበላው። ጠዋትም እሱን፣ ማታም እሱን፣ መሐል ላይ ንፍሮውን። አልተደበቀችም። ፊታችን ነው የበላችው። እኛም አየን። ጓያ አይደለም ተብለናል፤ ጓያ ንጹሕ ነው፤ ማን ይፈራዋል? በዚያ ሁሉ ክረምት ከሦስታችን አንዳችንም «ይህ ነገር እንዴት ነው» አላልንም።

እኔ በር አጠገብ እግሬን ዘርግቼ ነበር የምውለው። አንድ ቀን እናቴ ደጅ ሳለች ዶሮዋ መጣች። የእግሬን አውራ ጣት ገብስ ነው ብላ ይሁን ምን ትኩር ብላ አየችው። ሂጂ አልኳት። ጠቅ አደረገችኝ። ጮኽኩ!

እናቴ እየተንደረደረች ገባች። «ምን ሆንሽ?»

«አመመኝ!»

«ምንሽን?»

«ጣቴን... እግሬን... እማ፣ አመመኝ እኮ!»

እናቴ እዚያው ተንበርክካ ጣቴን ጨመቀችው። «ይሄስ?» ትላለች፤ «አመመኝ» እላለሁ፤ ታለቅሳለች፤ እንደገና ትጨምቀዋለች። አባቴ ከማሳ ሲመለስ እናትና ልጅ ተቃቅፈን ስናለቅስ ደረሰና የሞተ ሰው ያለ መስሎት ቆመ። ነገሩን ሲሰማ ዶሮዋን አነሣትና ግንባሯን ሳመ።

«ይቺን ዶሮ ፋሲካ አይነካትም» አለ። «ዶክተር ናት። ማንም ቢላ ይዞ እንዳይጠጋት።»

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። አባቴ ከወይራ እንጨት ዱላ ጠርቦ ሰጠኝ፤ እጀታውን ለእጄ እንዲለሰልስ በመስታወት ስባሪ ፍቆታል። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከመደብ እስከ በር ሄድኩ። መስከረም ሲጠባ አደይ ላያት ደጅ ወጣሁ። አጥር ላይ እትዬ ማሬ ቆመው ነበር፤ ሲያዩኝ ዞር ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

እኔ ወደ ላይ ስወጣ እናቴ ወደ ታች እየወረደች መሆኗን ማንም ልብ አላለም። ሌሊት እግሯ ሲንቀጠቀጥ ከመደቡ ሥር ይሰማኝ ነበር። «ድካም ነው፤ ዳገቱን ወጥቼ ወርጄ» ትላለች። ስትሄድ ጉልበቶቿ ይነካካሉ። አንድ ጠዋት ከምንጭ ስትመለስ በር ላይ ወደቀች፤ ጀሪካኑ እየተንከባለለ ቁልቁል ሄደ።

ዱላዬን ይዤ ደረስኩላት። ልትነሣ ስትሞክር እግሯን አየሁት። ተረከዟ መሬት አይነካም። በጣቶቿ ነው የቆመችው።

እትዬ ማሬ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። የእናቴን እግር አዩ። ቀና ብለው ጎታውን አዩ። ባዶ ነበር። እናቴ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ቃላቸውን ጠበቀች። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እዚያው በሩ ላይ፣ የፈሰሰው ውሃ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው የገባኝ። በዚያን ጊዜ እንደ ድሮው ቢጮኹባት በወደድኩ።

ያቺው ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ እኔን በእግሬ ስገባ አይታ ተነሥታ አቀፈችኝ። ከዚያ ከኋላዬ አባቴ የታቀፋትን እናቴን አየች። እግሯን መረመረች፣ ምን እንደ በላች ጠየቀች። እናቴ ነገረቻት።

«ብቻውን? ክረምቱን ሁሉ?»

«እርስዎ ጓያ አይደለም ብለውኝ የለም?» አለች እናቴ፤ ክስ አልነበረም፤ ለማስታወስ ያህል ነው።

ሐኪሟ ለመናገር አፏን ከፈተች። «ያልኩት እኮ ለልጅዎ...» አለችና ተወችው። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ልነግርዎ ይገባኝ ነበር» አለች።

«ተዪ ልጄ» አለቻት እናቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለቻት። «አንቺማ እኔን ደስ ነው ያሰኘሽኝ።»

ይሄኛው ጓያ ነው ተባልን። የተሰበረው እንደማይመለስ፣ ጓያውን ካቆመች ግን እንደማይብስ ነገሩን። ወጥተን አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ እናቴ ቀስ ብላ «እኔስ ለምኜ ነበር» አለች። «የእሷን መልስ፣ ከፈለግህ የእኔን ውሰድ ብዬ። ቃሉን የሚጠብቅ ጌታ ነው።»

«ምነው መውሰዱን ባትጨምሪበት!» አለ አባቴ። «መልስ ብለሽ ብታቆሚ ምን ነበረበት? ለእግዜር አማራጭ ስጪው ማን አለሽ?»

እናቴ ሣቀች። እሱም እየሣቀ እንባው ይወርድ ነበር። አላፈረበትም።

እኔ እግዜር እንደ ገበያ ሰው እግር በእግር ይለውጣል ብዬ አላምንም። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም፤ በዚያ እምነቷ ነው የምትጽናናው። የእሷን እግር የወሰደው ጎታ ውስጥ ሌላ እህል አለመኖሩና እኛን ማስቀደሟ ነው። እኔ ግን ያለ እሷ መዳፍ ዛሬም መደብ ላይ ነበርኩ። እግዜር የት ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ያን ቀን ዳገቱ ላይ በዚያ መዳፍ ውስጥ ነበር ብዬ እመልሳለሁ። በክረምቱስ ሲሉኝ መልስ የለኝም።

ጀርባችሁን የሚያማችሁ፣ ሌሊት የሚያልባችሁ ሴቶች፣ እንደ እኔ ብታፍሩም አሳዩ። ሴት ሐኪም ካላችሁ ለሴት አሳዩ። ሰፈሩ ለበሽታችሁ ስም ካወጣለት በኋላም ቢሆን ሂዱና አሳዩ። ሐኪም ደግሞ ለአንዱ የተናገረው ለሌላው አይሆንም፤ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ደግማችሁ ጠይቁ። ቤት ስትገቡም እናታችሁ ምን እንደምትበላ ሳህኗን እዩ። «እኔን ይነፋኛል» ካለቻችሁ አትመኗት።

እኔ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ። ጀርባዬ ላይ ጉብታው አለ፤ አይጠፋም ተብያለሁ። ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። የወይራ ዱላዬን እናቴ ይዛዋለች፤ እጀታው ለእሷም እጅ ልክ ነው። ዶሮዋ ፋሲካን አልፋለች፤ አርጅታ እንቁላል ብታቆምም እቤታችን ውስጥ እንደ ባለሥልጣን ትንጎራደዳለች።

ስጠመቅ የተሳልኩትን ስለት ለማድረስ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄድን ጊዜ ያችኑ በቅሎ ለምነን እናቴን አስቀመጥናት። አባቴ ከፊት ይስባል። እኔ በእግሬ ከጎኗ እየሄድኩ መዳፌን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ደገፍኳት። ያች በቅሎ እንደ ልማዷ ቅጠል ባየች ቁጥር ትቆማለች።

እናቴ ዳገቱ መሐል ላይ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ እጅሽ ይዝላል፤ አውርጂው» አለችኝ። «ምን ትፈልጊያለሽ? እኔ እንዳንቺ ጉብታ የለኝ።»

«ተያት» አለ አባቴ ከፊት ሳይዞር። «ክንፍ ያወጣሽ እንደሆነ ትፈልግልን።»

በቅሎዋ መሄድ ጀመረች። መዳፌን አላወረድኩም።